ወንጪ ላይ የገደልካት ተማሪ

ውድ መምህር ጥሩሰው፣

ባለፈው ወር ወንጪ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሜ ሞቻለሁ። የገደልከኝ አንተ ነህ፤ በአሥራ ሦስተኛው ክፍል፣ ነጭ ቀሚስ አልብሰህ፣ ዋሽንት እያስነፋህ። ይኸው ከሞትኩ በኋላ አምቦ ሱቃችን ውስጥ ቆሜ ሳሙናና ዘይት እየሸጥኩ ነው። ሬሳዬ ስኳር ሲመዝን ብታየው ምን ትል ይሆን?

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብለህ ያስተማርከን አንተው ስለሆንክ ነው። «አንተ» ስልህ ደግሞ ይቅርታ አልጠይቅም። ድሮ «እርስዎ» እልህ ነበር፣ ሳወራህም መሬት መሬት አያለሁ። አሁን በቅቶኛል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ያንተን ስም ያወጣው መልአክ ግን የዚያን ቀን ቤት ተሳስቷል። ይህን ደብዳቤ ላንተ ብቻ እንዳልጻፍኩትም እወቅ። ድራማህን አገር ነው ያየው፣ መልሴንም አገር ያንብበው።

ላላወቀ ሰው ከመጀመሪያው ልንገር። 2009 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እዚሁ ከተማችን ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አንተ የቋንቋ መምህራችንና የቴአትር ክበቡ ኃላፊ ነበርክ። አባቴ ፈዲሉ ከስልጤ መጥቶ አምቦ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው ነበር። መምህር ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳል። አንተ ለሳሙና ስትመጣ ወንበሩን ይለቅልህና አንተ ተቀምጠህ እሱ ቆሞ ታወራላችሁ። «ነዒማን አደራ» ሲልህ፣ «አይዞዎት ጋሽ ፈዲሉ፣ እንደ እህቴ ናት» አልከው። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ስንቱ ተማሪ እያለ እኔን በስሜ የሚያውቀኝ መምህር አለኝ ብዬ ለጓደኞቼ ጉራ ነፋሁ። ይብላኝ ለራሴ!

በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ውጤቴን ይዘህ «ኢንኮምፕሊት» ሰጠኸኝ። «ቤት ነይ፣ ልምምድሽን አይቼ እሞላልሻለሁ» አልከኝ። ልምምዴን የጻፍኩበትን ሰማያዊ ደብተሬን ይዤ መጣሁ። በሩን ቆለፍክና ቁልፉን ኪስህ ከተትክ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሚመለከተው ሰው ተናግሬዋለሁ፣ እዚህ አልደግመውም። እንቢ ብያለሁ። ጮኬያለሁ። አንተም ሰምተሃል። የሚያነብ ሰው ይህን ይወቅ፣ ይበቃዋል።

ከዚያ አራት ወር ሙሉ በዚያች ውጤት አስረህ ያዝከኝ። «ለሰው ብትነግሪ ኤፍ ነው፤ አባትሽም ጉድሽን ይሰማል» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ሮባ የሚባል የክፍሌ ልጅ ኖት ሲያውሰኝ አየኸን። ቢሮህ ጠርተህ በጥፊ መታኸኝ። አንዴ ብቻ ነው የመታኸኝ፣ ግራ ጆሮዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሰማም። ዛሬም ደንበኛ በግራዬ ቆሞ ሲያዘኝ ሳልመልስለት እቀርና «ይቺ ኩራተኛ» ብሎኝ ይሄዳል። የዚያን ቀን እናቴ ከሪማ ሻሼ ላይ ደም አየች። ለእሷ መዋሸት አልቻልኩም፣ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ለአባቴ ነገረችው።

ያን ዓመት አምቦ ምን እንደነበረች ታውቃለህ። ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ የጠፋ ልጁን የሚፈልግ ወላጅ ተሰልፎ ይውላል። በዚያ መሀል የኔን አቤቱታ ማን ይሰማል? አባቴ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ሦስት ሆነው መጡ። ኦቦ ዱጋሳ የነገሩ መሪ ነበሩ። ሐጂ ኢስሃቅ በኛ በኩል ተቀመጡ። አቶ ለሜሳ ደግሞ ያንተ ጎረቤት ነበሩ፣ አንተው መርጠህ ያመጣሃቸው። አንተና አባቴ ስትጨመሩ ሳሎናችን ውስጥ አምስት ሆናችሁ። እናቴና እኔ ጓዳ ነበርን፣ ከመጋረጃው ጀርባ። የሚሰማውን ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጥፌ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ።

አጀማመርህን አልረሳውም። «በመካከላችን ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሮ…» አልክ። ኦቦ ዱጋሳ አላስጨረሱህም።

«መምህር፣ አለመግባባት ላም አጥር ጥሳ ስትገባ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ምን አደረግህ ብዬ ነው።»

ጉሮሮህን ስትጠርግ ሰማሁ፤ ኦቦ ቀጠሉ።

«ጥፋቱን በአፉ ያልተናገረን ሰው አላስታርቅም። ካልተናገርክ ተነስቼ ልሂድ፣ አባትየው የፈለገውን ያድርግ።»

ያን ጊዜ ተናገርክ። «ቆልፌባታለሁ። እንቢ ስትለኝ አልተውኳትም። መትቻታለሁም። ጥፋቴ ነው» አልክ። ድምፅህ ቀጠነ። እናቴ አፏን በሻሿ አፍና አለቀሰች። አባቴ እንዲህ አለህ፦ «መምህር፣ እኔ አንተን የት አውቅህና ነው ያመንኩህ? ያመንኩት የተቀመጥክበትን ወንበር ነው።» ይህን ሲል በመጋረጃው ጠርዝ አየሁት፣ እንደሌላው ጊዜ ቆሞ አልነበረም። ተቀምጦ ነው የተናገረህ።

ሽማግሌዎቹ በወሩ መጨረሻ ከኮሌጁ እንድትለቅ፣ ደጃችንንም እንዳትረግጥ ወሰኑብህ። ከዚያ ኦቦ ዱጋሳ ነገሩን ዘጉት። «የልጅቷ ስም እንዳይነሳ፣ የመምህሩም እንጀራ እንዳይዘጋ ይህ ነገር ዛሬ እዚህ ተቀብሯል። ከዚህ ቤት አይወጣም። መጀመሪያ ያነሳው ወገን ዕርቁን ያፈረሰ እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላው ወገንም፣ እኛ ሽማግሌዎቹም ከቃላችን ነፃ ነን» አሉ። አንተ ጉልበታቸውን ሳምክ። አባቴ በአላህ ስም ቃል ገባ። እኔን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ቃሉን የገባው አባቴ፣ አፏ የታሰረው እኔ።

አንተ ተዛውረህ እጃጂ ሄድክ። እኔ ኮሌጁን አቋረጥኩ፣ ሱቅ ገባሁ። ወሬው ግን አላቋረጠም። «መምህሩን አሳስታ ከሥራ ያስወጣችው እኮ ይቺ ናት» ሲባል በዚያች በቀረችኝ ጆሮዬ እሰማለሁ፣ አልመልስም። ሁለት ጊዜ ሊያጩኝ የመጡ ሰዎች ከሠፈር ጠይቀው ተመለሱ። አሁንም መልስ አልሰጠሁም። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በ2013 ሲሞት እጄን ይዞ «ነዒማ፣ በኔ ቃል አንቺን አሰርኩሽ። አፉ በይኝ» አለኝ። «አፉ ብዬሃለሁ አባባ» አልኩት። ፍታኝ ለማለት ግን አልደፈርኩም። የሕያው ሰው ቃል ቢሆን ይለመናል፤ የሞተ ሰው ቃል ምኑ ይለመናል? ከዚያ በኋላ አፌን ብከፍት አባቴን መቃብሩ ውስጥ ቃል አፍራሽ ማድረግ መሰለኝ። ስለዚህ ዋጥኩት። ጥሩሰው፣ በነዚያ ዓመታት ምን ያህል እንደጠላሁህ አታውቅም። በሰላም ውለህ እንደምታድር ሳስብ ምግብ አፌ ላይ ይመርረኝ ነበር።

ዘንድሮ፣ 2016 ጥር ላይ፣ «ያልታረመ ፈተና» የሚል ድራማ እሑድ እሑድ መታየት ጀመረ። ሱቃችን ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፣ ሠፈሩ ተሰብስቦ ያያል። ከጎናችን ድንችና ሽንኩርት የምትሸጠው ጉዴ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ከኔ ቀድማ ታለቅሳለች። አንድ ደግ መምህር አለ። ከገጠር ጎጆ የመጣች ፌቨን የምትባል የሙት ልጅ አለች። ዝናብ ሲመታት ጃኬቱን ያለብሳታል። እሷ ትከተለዋለች፣ እሱ ይሸሻታል። በሁለተኛው እሑድ ገባኝ። የልምምዷ ቃል የኔ የልምምድ ቃል ነበር፣ ደብተሯም የኔው ሰማያዊ ደብተር። በሦስተኛው እሑድ ልጅቷ ደረጃ ላይ ራሷ ተደናቅፋ ወድቃ ጆሮዋን ተመታች፣ መምህሩ እያለቀሰ አቅፎ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ጥፊህን ደረጃ አደረግከው!

«ምስኪን መምህር!» አለች ጉዴ እንባዋን እየጠረገች። «ይቺ ልጅ ልታጠፋው ነው፣ ዓይኗን አታዪም?»

«አየሁ» አልኳት።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ዘይት ፈሶብኝ ነው።»

ምን ልበላት? አፌ ታስሯላ። ሠፈሬ ሁሉ በኔው ሱቅ፣ በኔው ቴሌቪዥን ላንተ ሲያለቅስ ሻይ እያቀረብኩ ቆሜ አየሁ። ጥርሴን ነክሼ እስከ ሰባተኛው ክፍል ድረስ ቻልኩት።

ሰባተኛው ክፍል ላይ ሽማግሌ አስቀመጥክ። ሦስት ሽማግሌዎችና የልጅቷ አጎት። መምህሩ ምንም አላጠፋም፣ ግን የልጅቷን ክብር ለማዳን ብሎ ያላጠፋውን «ጥፋቴ ነው» ይላል። ሠፈሩ በእንባ ታጠበ። ከዚያ አጎትየው አፉን ከፈተ፦ «መምህር፣ እኔ አንተን የት አውቅህና ነው ያመንኩህ? ያመንኩት የተቀመጥክበትን ወንበር ነው።»

እናቴ ቴሌቪዥን አይታ የማታውቅ ሴትዮ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «ይሄ የአባትሽ ቃል ነው! ማነው የሚናገረው? ማነው የፈዲሉን ቃል የሚናገረው?» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ደስታው ክፉ ደስታ ነው፣ አልደብቅህም። ሽማግሌ የቀበረውን አንተው በእጅህ አወጣኸው። በአፍህ ስላልተናገርክ ያነሳኸው አልመሰለህም። ሰው ሲተውንልህ፣ ስም ስትቀይር፣ ነገሩ ሌላ ነገር የሚሆን መሰለህ።

በማግስቱ ያንን ክፍል ስልኬ ላይ ጭኜ ኦቦ ዱጋሳ ቤት ሄድኩ፣ ወደ ጉደር መውጫ። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። «አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ፤ እንዴት ነሽ ልጄ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስልኩን ጆሯቸው ሥር ይዤ አሰማኋቸው።

«ደግመሽ ክፈቺው» አሉኝ። ደግሜ ከፈትኩት።

«ይሄ የሚናገረው ሰውዬ ማነው?»

«ተዋናይ ነው ኦቦ።»

«የፈዲሉን ቃል ማን ሰጠው?»

«የጻፈው ጥሩሰው ነው። መጨረሻ ላይ ስሙ ይወጣል።»

«አንብቢልኝ።»

«ደራሲ፣ ጥሩሰው» ብዬ ከነአባትህ ስም አነበብኩላቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ እያንከባለሉ ቆዩ። «ሐጂ ኢስሃቅ የሉም፣ አባትሽም የለም። ያለነው ለሜሳና እኔ ነን። እኔ ለማንም አልነገርኩም። አንቺስ ነግረሻል?»

«ወላሂ አልነገርኩም ኦቦ። ለአንድ ሰው እንኳ።»

«ለሜሳን ሳልሰማ አልፈርድም» አሉና አስጠሯቸው። አቶ ለሜሳ ያንተ ወገን ሆነው የተቀመጡ ሰው ናቸው፣ ፈርቼ ነበር። ሰሙት። «በዚያ ቤት የሆነውን እኔም አይቻለሁ፣ እሱ ከኔ የተሻለ አላየም። እንዳለ ነው ያወጣው፣ እውነቱን ብቻ ገልብጦ» አሉ። ያኔ ኦቦ ዱጋሳ እጄን ያዙ። «ኤዬ፣ እንግዲያ ያነሳው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነሽ። አባትሽ ቃሉን እንደጠበቀ ሞቷል፣ ያፈረሰው ሌላ ነው። የፈለግሽውን ተናገሪ» አሉኝ። ከዚያ ቤት ወጥቼ መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባጃጅ ነጂው «ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለኝ። «ኧረ አባቴን አግኝቼው ነው» አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ።

ከዚያ የመጨረሻውን ክፍል ይዘህ አምቦ አዳራሽ መጣህ፣ ሕዝቡ ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ እንዲያይልህ። ጥቁር ሱፍ ለብሰሃል፣ ሸምግለሃል፣ አምሮብሃል። ፌቨን ወንጪ ላይ ሰጠመች። መምህሩ ከሐይቁ ዳር ተንበርክኮ ፎቶዋን ሳመ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ታሪኩ እውነተኛ ነው ወይ?» አለችህ። ፈገግ ብለህ፣ «ከሕይወት የተቀዳ ነው» አልክ። አመሰግናለሁ። ሦስት መቶ ሰው ፊት ነው ያልከው።

እጄን አወጣሁ፣ ማይክ ሰጡኝ። «ነዒማ ፈዲሉ እባላለሁ። የሰጠመችው ልጅ እኔ ነኝ» አልኩ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ጥፊውን ተናገርኩ፣ ውጤቱን፣ አራቱን ወር ተናገርኩ። ሳቁ ቆመ። አንተ ፈገግታህን ሳታወርድ «እህታችን ልብ ወለዱ በጣም ስለነካት ነው፣ ሕክምና ብታገኝ ጥሩ ነው» አልክ። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ከኋላ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ተነሳች። አላውቃትም፣ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። «እኔ እንቁ እባላለሁ፣ ከእጃጂ ነው የመጣሁት። ሰውዬው ባለትዳር ሴት ሆኜ በማታ ትምህርት አስተምሮኛል። እኔንም ቆልፎብኛል። ቁልፉን ኪሱ ነው የሚከተው» አለች።

ስለ ቁልፉ እኔ አልተናገርኩም ነበር።

አንተ በኋላ በር ወጣህ። እኔ ግን አላሸነፍኩም። የኛ ዝምታ ነው እጃጂ ድረስ የሸኘህ። አባቴ ስሜን አድናለሁ ብሎ፣ ሽማግሌዎቹ እንጀራህ አይዘጋ ብለው፣ እንቁን አስረከቡህ። ይህን ለኦቦ ዱጋሳ ነገርኳቸው። «ዋቀዮ!» አሉና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሳምንት እህል አልቀመሱም ብላ ልጃቸው ነገረችኝ።

አሁን ወደ መልእክትህ ልምጣ። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌ ላክህብኝ። ያውም ሌላ ሰው አልላክህም፣ ኦቦ ዱጋሳን! ሽማግሌ ምስጢር አያወጣም፣ ድሮ የታሰረው ቃል ዛሬም ያዘዋል ብለህ ተማምነህ ነው። እናቴ ሻይ አቀረበችላቸው። የላክኸውን አንድ ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አደረሱ፦ መጸጸትህን፣ ነገሩ እንዲቀበር መፈለግህን፣ ካልተቀበረ ግን «የእሷም ስም አብሮ እንደሚጠፋ ትወቀው» ማለትህን። ስሜ እኮ ጠፍቶ የኖረው ባንተ ነው፤ አሁን በምን ልታስፈራራኝ ነው?

ሻያቸውን ሲጨርሱ «ኦቦ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«እኔማ የምለውን ሰኞ ብዬዋለሁ» አሉና ሳቁ።

ሰኞ ዕለት ኦቦ ዱጋሳና አቶ ለሜሳ አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጥተዋል። በሳሎናችን፣ ከአባቴ ፊት፣ በገዛ አፍህ የተናገርከውን አንድ በአንድ አስጽፈዋል፦ ቆልፌባታለሁ፣ እንቢ ስትለኝ አልተውኳትም፣ መትቻታለሁ፣ ጥፋቴ ነው። አቶ ለሜሳ ፈርመዋል፣ ኦቦ ዱጋሳ በጣታቸው አትመዋል። ዝም ብለህ ብትቀመጥ ኖሮ ይህን ቃል ከመቃብር በቀር ማንም አይሰማውም ነበር።

«ታዲያ ሲልክዎት ምነው አልነገሩት?» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ተላክ ሲሉት ይላካል። እሱ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ አልዋሸውም ነበር።»

ሽማግሌ አይመለስም ይባላል፣ እኔም አልመለስኳቸውም። መልስ ሰጥቻቸዋለሁ። ዕርቅ የለም ጥሩሰው። ዛሬ የለም፣ ነገ የለም፣ ጉልበቴን ብትስም የለም። እንቁም የለም ብላለች። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ከፍቷል፣ ቀጠሮው ሰኔ ዐሥራ ሁለት ነው፣ እዚሁ አምቦ። መጥሪያው ከዚህ ደብዳቤ ሳይቀድም አይቀርም። ያን ጥቁር ሱፍ ልበሰው፣ ሰው ብዙ ይመጣል። ጉዴ ሱቋን ዘግታ እመጣለሁ ብላለች፣ ያን ሁሉ እንባ በከንቱ እንዳፈሰሰች ስታውቅ እንዴት እንደተቃጠለች ብታያት!

ኦቦ ዱጋሳ ሊሄዱ ሲነሱ ከዘራቸውን አቀበልኳቸው። በር ላይ ቆመው «እንግዲህ ልኮኛል፣ መልሱን ይጠብቃል። ለመምህሩ ምን ልበለው?» አሉኝ።

«ምስክር ሆነው ሲቆሙ ያኔ ይንገሩት» አልኳቸው።

ነዒማ ፈዲሉ
አምቦ፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም.